የሚጮኽ ፍሬንና ዝም የተባለ ፍሬን

(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ ለአባላት የቀረበ ንግግር)



ንግግሩ ከአንድ የጥገና ቤት ደጃፍ ቢነሣ ነገሩን ለመረዳት ያመቻል። ዕቃ በማመላለስ የሚተዳደር አንድ ወጣት ሽሮ ሜዳ አካባቢ ወዳለ ጥገና ቤት መጥቶ ብስክሌቱን በግድግዳው ላይ አስደገፈና፣ «ጋሼ፣ ሌላ ምንም አልፈልግም፤ ይህን ጩኸት ብቻ ያጥፉልኝ» አለ። ባለሙያው ሸምገል ያሉ ሰው ናቸውና አልቸኮሉም። ጎንበስ ብለው የፊተኛውን ጎማ በእጃቸው አሽከረከሩ፤ የፍሬኑን እጀታ ጨበጥ አድርገው ለቀቁ፤ ከዚያም ዲስኩን በንጹሕ ነጭ ጨርቅ ጫፍ ዳሰስ አድርገው ጨርቁን ወደ ብርሃን አነሡት።

«ዘይት የተቀባው መቼ ነው?»

ወጣቱ ደነገጠ። «ማን ነገረዎት?»

«ጨርቁ ነዋ፣ ልጄ።»

ነገሩ ሲጣራ እንዲህ ሆኖ ተገኘ። ከአንድ ሳምንት በፊት ፍሬኑ እየጮኸ ቢያስቸግረው ወጣቱ ወደ ሌላ ሥፍራ ወስዶት ነበር። በዚያ ያገኘው ሰው በዲስኩ ላይ ሁለት ጠብታ የሞተር ዘይት ጣል አደረገለት። ጩኸቱም በዚያው ቅጽበት ጠፋ። ወጣቱ ደስ ብሎት ከፈለ፤ አመሰገነም። በማግሥቱ ግን ዕቃ አድርሶ ከእንጦጦ ማርያም ቁልቁል ሲመለስ፣ በአንድ መታጠፊያ ላይ እጀታውን ቢጨብጠው ብስክሌቱ አልቆም አለው። ከፊቱ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ አንዲት እናት ነበሩ። በእግሩ መሬቱን እየጫረ፣ ወደ መንገዱ ጠርዝ እየተጠጋ፣ ከሸክማቸው በአንድ ክንድ ርቀት አለፈ። እናቲቱ ዞር ብለው እንኳ አላዩትም። ፍሬኑ ዝም ብሎ ነበርና መምጣቱን አልሰሙም።

ይሁን እንጂ ወጣቱ ወደ ጥገና ቤቱ የመጣው ፍሬኑ አልይዝ ስላለው አልነበረም። ዘይቱ እየተቃጠለ በሄደ ቁጥር ጩኸቱ ከቀድሞው ብሶ ስለ ተመለሰ ነው። የዚህ ንግግር ጉዳይ እንግዲህ በዚህ ውስጥ ይገኛል። ባለ ብስክሌቱ የሚሰማው ጩኸቱን ስለሆነ የሚከፍለውም ለጸጥታ ነው፤ የባለሙያው ተጠያቂነት ግን ብስክሌቱ በመቆሙ ላይ ነው። ሁለቱ ብዙ ጊዜ አብረው ይሄዳሉ፤ አንዳንድ ጊዜ ግን ይለያያሉ። በተለያዩ ጊዜ ባለሙያው የትኛውን እንደሚመርጥ አስቀድሞ ማወቅ ይገባዋል።

የዲስክ ፍሬን አሠራር ለዚህ ስብሰባ ተካፋዮች እንግዳ አይደለምና በአጭሩ ማለፍ ይቻላል። ከሞዞው ጋር በብሎን የታሰረ ቀጭን የብረት ዲስክ ከጎማው ጋር አብሮ ይዞራል። ውፍረቱ አዲስ ሲሆን በአብዛኛው 1.8 ሚሊ ሜትር፣ የጎን ስፋቱ ደግሞ እንደ ብስክሌቱ ዓይነት 140፣ 160፣ 180 ወይም 203 ሚሊ ሜትር ይሆናል። በሹካው ላይ የታሰረው ካሊፐር ሁለት ሸራዎች ይዞ ዲስኩን በግራና በቀኝ ይቆነጥጠዋል። ኃይሉ ከእጀታው ወደ ካሊፐሩ የሚደርሰው በገመድ ወይም በዘይት ግፊት ነው። መኪና ላይ የሠራ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው፤ ልዩነቱ የብስክሌቱ ክፍሎች ሁሉ ቀጫጭንና ቀላል በመሆናቸው በትንሽ ነገር መንቀጥቀጣቸው ነው።

ጩኸቱ ከየት ይመጣል ለሚለው ጥያቄ ከመሰንቆ የተሻለ አስረጂ አይገኝም። የመሰንቆው ደጋን ጭራ ሙጫ ተቀብቶ በአውታሩ ላይ ሲሳብ ያለማቋረጥ የሚንሸራተት ይመስላል። በእውነቱ ግን ጭራው አውታሩን ይይዘዋል፤ ጥቂት ይዞት ይሄዳል፤ አውታሩ ከመጠን በላይ ሲወጠር ያመልጥና ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ወዲያውም እንደገና ይያዛል። ይህ መያዝና ማምለጥ በሴኮንድ ውስጥ ብዙ መቶ ጊዜ ሲደጋገም ለጆሮ አንድ ቀጥ ያለ ድምፅ ሆኖ ይሰማል። ሸራውና ዲስኩም እንዲሁ ናቸው። ሸራው ዲስኩን በእኩልነት እየያዘ የሚሄድ ከሆነ ድምፅ የለም፤ ይዞ የሚለቅ፣ ለቆም የሚይዝ ከሆነ ግን ያፏጫል።

ነገር ግን አውታሩ ብቻውን ብዙ አይሰማም። መሰንቆውን የሚያሰማው በቆዳ የተለጎመው ሣጥን ነው። በብስክሌት ላይ የሣጥኑን ሥራ የሚሠሩት ራጂዎቹ፣ ሹካውና አካሉ ናቸው። ሸራው የሚፈጥረውን ትንሽ ንዝረት ተቀብለው መንደር እስኪሰማ ድረስ ያጎሉታል። ስለሆነም አንድ ዓይነት ሸራ በአንዱ ብስክሌት ላይ ዝም ብሎ ሲሠራ በሌላው ላይ ሊያጓራ ይችላል። የላላ አንድ ብሎን ካለ ደግሞ ድምፁ ያንን ብሎን ፈልጎ ያገኘዋል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

አሁን የዘይቱ ነገር ግልጽ ይሆናል። የመሰንቆውን ጭራ ቅባት ቢቀቡት መሰንቆው ዝም ይላል፤ መያዝ ስለማይችል ነው። በዲስኩ ላይ የወደቀው ዘይትም ፍሬኑን ዝም ያሰኘው መያዙን አሳጥቶ ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ደግሞ የባሰ ነው። በፍሬኑ ሙቀት ዘይቱ ይቃጠልና በሸራው ቀዳዳዎች ውስጥ ገብቶ አንዱን ቦታ እንደ መስታወት ልስልስ፣ ሌላውን ሻካራ አድርጎ ይተወዋል። በዚህ ጊዜ ሸራው አንዱን ቦታ ሲይዝ ሌላውን ይለቃል። የወጣቱ ፍሬን ከቀድሞው ብሶ የጮኸበት ምክንያት ይኸው ነው።

ጸጥታን በውድ ዋጋ መግዛት በፍሬን ታሪክ ውስጥ አዲስ ነገር አይደለም። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ፍሬደሪክ ላንቸስተር በዲስክ የሚሠራ የመኪና ፍሬን እ.ኤ.አ. በ1902 ዓ.ም. በስሙ አስመዘገበ። የፍሬኑ ሸራ ከመዳብ የተሠራ ነበርና ብረት ከብረት ጋር ሲገናኝ ጩኸቱ የሚያሰቅቅ ሆነ፤ መዳቡም በዘመኑ አቧራማ መንገድ ላይ ቶሎ ያልቅ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሌላው እንግሊዛዊ ኸርበርት ፍሩድ አስቤስቶስ የሚባለውን ማዕድን ለፍሬን ሸራ ማዋሉ መፍትሔ መስሎ ታየ። አስቤስቶስ ሙቀት ይችላል፤ ብዙ ይቆያል፤ አይጮኽም። በዚህም ምክንያት ለብዙ አሥርተ ዓመታት የመኪና ፍሬን ሸራ ዋና ክፍል ሆኖ ኖረ። ዳሩ ግን ብናኙ በሳንባ ውስጥ ገብቶ ከብዙ ዓመታት በኋላ ካንሰርን እንደሚያመጣ ተረጋገጠ። ብሪታንያ ራሷ እ.ኤ.አ. በ1999 ዓ.ም. ሙሉ በሙሉ አገደችው። በዚያ ሁሉ ዘመን ከፍሬን ከበሮ ውስጥ ብናኙን በአፋቸውና በአየር ፓምፕ ኡፍ እያሉ ያጸዱ የነበሩት የእኛው ዓይነት ሙያ ያላቸው ሰዎች ናቸው።

የዲስክ ፍሬን በመኪና ላይ የታወቀው ቆየት ብሎ ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 ዓ.ም. በፈረንሳይ አገር በለማን የ24 ሰዓት ውድድር ያሸነፈው ጃጓር የዲስክ ፍሬን የተገጠመለት ነበር። በብስክሌት ላይ በብዛት የተለመደው በተራራ ብስክሌቶች አማካይነት ከ1990ዎቹ ወዲህ ሲሆን፣ ዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር በጎዳና ውድድር ላይ ሙሉ በሙሉ የፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2018 ዓ.ም. ነው። የብስክሌት ጥገና ቋንቋችን ሞዞ፣ ራጂ፣ ኩሽኔታ፣ ሮንዴላ እያለ ከጣሊያን የወረሳቸውን ቃላት ሲጠቀም፣ ዲስክና ካሊፐር ግን በሌላ በር መግባታቸው የመምጫቸውን ዘመን ያመለክታል። ሙያውም እንደ ቃሉ ገና ያልተዋሐደ ይመስላል። በጎማው ጠርዝ ላይ በሚይዘው በአሮጌው የላስቲክ ፍሬን የሠለጠነ እጅ ዲስኩንም እንደዚያው ሊያክመው ይሞክራል።

ወደ ጥገናው ሥራ ስንመለስ፣ መሣሪያ ከመነሣቱ በፊት የሚቀድመው ጥያቄ ነው። ጩኸቱ የፊት ነው የኋላ? ፍሬን ሲያዝ ብቻ ነው ወይስ ሳይያዝም? ጠዋት ብቻ ነው ወይስ ቀኑን ሙሉ? ቁልቁለት ከወረደ በኋላ ይብሳል? ቀጥ ብሎ የሚዘልቅ ነው ወይስ ጎማው በዞረ ቁጥር አንድ አንድ ጊዜ የሚሰማ? ከእነዚህ መልሶች ብቻ የሥራው ግማሽ ይጠናቀቃል። ፍሬን ሳይያዝ በየዙሩ ሽው ሽው የሚል ድምፅ የዲስክ መጣመም ወይም የካሊፐር መዛነፍ ነው። ፍሬን ሲያዝ የሚሰማ ቀጭን ፉጨት የሸራና የአያያዝ ጉዳይ ነው። ብረት እንደሚፋቅ ያለ ሻካራ ድምፅ ሸራው አልቆ የሸራው መቀመጫ ብረት ዲስኩን እያረሰው መሆኑን ይናገራልና ያ ብስክሌት ከዚያ በኋላ አንድ እርምጃ እንኳ መነዳት የለበትም። ፍሬን በተያዘ ጊዜ መሪው ላይ ኳ የሚል ነገር ከተሰማ ደግሞ ጥፋቱ ከፍሬኑ ላይ ላይሆን ይችላል፤ የመሪው ኩሽኔታ ላልቶ ሊሆን ይችላልና።

ቀጥሎ ጎማው በቦታው በትክክል መቀመጡ ይታያል። ነገሩ ቀላል ቢመስልም ብዙ ሰዓት የሚባክነው ይህ ሳይታይ በመቅረቱ ነው። በእጅ በሚቆለፈው ማጥበቂያ የታሰረ ጎማ አንድ ጊዜ ወጥቶ ሲመለስ በጥቂቱ ከዛነፈ ዲስኩም አብሮት ይዛነፋል። ብስክሌቱ በሁለት እግሩ ቆሞ ማጥበቂያው ላላ ተደርጎ እንደገና ሲቆለፍ ብቻ ጩኸቱ የሚጠፋበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

ከዚያም ብሎኖቹ ይፈተሻሉ። ዲስኩን ከሞዞው ጋር የሚያስሩት ስድስት ብሎኖች በአንድ አቅጣጫ በተራ ሳይሆን በተቃራኒ በተቃራኒው ይጠብቃሉ፤ መጠኑም እንደ ፋብሪካው ከ2 እስከ 6 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው። ካሊፐሩን የሚይዙት ሁለቱ ብሎኖች ደግሞ ከ6 እስከ 10 ኒውተን ሜትር ይፈልጋሉ። የማጥበቂያ ኃይል መለኪያ ያለው መፍቻ በሁሉም ጥገና ቤት አይገኝም። በሌለበት ቦታ ባለሙያው አጭር መፍቻ በጣት ይዞ ቢሠራ ረጅም መፍቻ በክንድ ከመጫን ይሻላል፤ የሞዞው ጥርስ አልሙኒየም ነውና አንዴ ከተበላ ሞዞው ራሱ መለወጡ ነው።

የዲስኩን ቀጥተኛነት ለማየት ከካሊፐሩ በስተጀርባ ነጭ ወረቀት አስቀምጦ ጎማውን ቀስ አድርጎ ማዞር ይበቃል። በዲስኩና በሸራዎቹ መካከል በሁለቱም ወገን ብርሃን መታየት አለበት። ብርሃኑ በአንድ ቦታ ብቻ የሚጠፋ ከሆነ ዲስኩ በዚያ ላይ ተጣሟል። በንጹሕ መፍቻ ይዞ ጥቂት በጥቂት፣ እየለኩ ማቃናት ይቻላል፤ በአንድ ትልቅ ግፊት ለማቃናት የሚሞክር ግን አንድ የነበረውን ጠማማ ሁለት ያደርገዋል። ውፍረቱም በመለኪያ መታየት አለበት። 1.5 ሚሊ ሜትር የደረሰ ዲስክ ዘመኑን ጨርሷል፤ ቁጥሩ በብዙዎቹ ዲስኮች ላይ ተቀርጾ ይገኛል።

ከሁሉ ይልቅ ትዕግሥት የሚጠይቀው የካሊፐሩ አቀማመጥ ነው፤ በአገራችን መንገዶች ላይ በሚበዙት ዋጋቸው ዝቅ ባሉ ብስክሌቶች ላይ ደግሞ ጉዳዩ የራሱ ጠባይ አለው። በእነዚህ ብስክሌቶች ላይ ያለው ካሊፐር በገመድ የሚሳብ ሲሆን ብዙውን ጊዜ ከሁለቱ ሸራዎች የሚያንቀሳቅሰው አንዱን ብቻ ነው። የውጪው ሸራ ይገፋል፤ በራጂው በኩል ያለው የውስጠኛው ሸራ ግን ባለበት ቆሞ ይጠብቃል። ፍሬኑ ሲያዝ የውጪው ሸራ ዲስኩን ገፍቶ በቆመው ሸራ ላይ ያስደግፈዋል ማለት ነው። እንግዲህ በቆመው ሸራና በዲስኩ መካከል ያለው ክፍተት ሰፊ ከሆነ ዲስኩ በተያዘ ቁጥር ይጎብጣል፤ ሸራዎቹም ዲስኩን በሙሉ ገጻቸው ሳይሆን በጠርዛቸው ይነኩታል። በጠርዝ የሚነካ ሸራ ይጮኻል።

የማስተካከያው መንገድ እንዲህ ነው። በመጀመሪያ ካሊፐሩ ተፈትቶ የሚቀመጥበት ቦታ ይታያል፤ ከፋብሪካ የተረፈ የቀለም እብጠት ካለ በሞረድ ጫፍ ይነሣል። ካሊፐሩ በእጅ የሚንቀሳቀስ ያህል ላላ ተደርጎ ይታሰራል። የቆመው ሸራ በማስተካከያው ብሎን እየተገፋ ዲስኩን ሊነካ የወረቀት ውፍረት እስኪቀረው ድረስ ይጠጋል። ከዚያ እጀታው በኃይል ተጨብጦ እንደ ተጨበጠ ይቆያል፤ ረዳት ከሌለ በካላማንዳሪ ቁራጭ ከመሪው ጋር ማሰር ይበቃል። እጀታው እንደ ታሰረ ሁለቱ ብሎኖች በየተራ፣ በየሩብ ዙሩ ይጠብቃሉ። አንዱን ብሎን በአንድ ጊዜ እስከ መጨረሻው ማጥበቅ ካሊፐሩን ይዞት ይዞራልና የተደከመበት ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ይህ ሥራ ለለመደ እጅ አሥር ደቂቃ አይፈጅም፤ ከጩኸቶች ሁሉ ትልቁን ድርሻ የሚያጠፋውም ይኸው ነው።

በዘይት ግፊት ስለሚሠሩት ፍሬኖች አንድ ነገር ብቻ ማስገንዘብ ይበቃል። የፍሬኑ ዘይት ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዳንድ ፋብሪካዎች የማዕድን ዘይት፣ ሌሎች ዶት የሚባለውን የመኪና ዓይነት የፍሬን ዘይት ይጠቀማሉ። አንዱን በሌላው ቦታ የጨመረ ሰው ጎሚኒዎቹን ያበላሻል፤ የተበላሸ ጎሚኒ ደግሞ ዘይቱን በሸራው ላይ ያንጠባጥባል። ሸራው በተለወጠ በሳምንቱ እንደገና ከጮኸ ባለሙያው መጀመሪያ ሊጠረጥር የሚገባው ይህንን ነው።

አሁን ወደ ሸራው ራሱ ሲደረስ፣ ንጽሕና የመጀመሪያ ነው። ዲስክን የሚያበላሸው ሆን ብሎ የተቀባ ዘይት ብቻ አይደለም። ብስክሌት አጣቢው አካሉ እንዲያበራ በናፍጣ የነከረው ጨርቅ፣ በካቴናው ላይ የተረጨው ቅባት ብናኝ፣ ግራሶ የነካ ጣት፣ እነዚህ ሁሉ ያው ናቸው። ዲስኩ በአልኮልና ከዚህ በፊት ለምንም ባልዋለ ጨርቅ ይጸዳል፤ ጨርቁ ምንም ምልክት እስከማያወጣ ድረስ ይደጋገማል። የሸራው ገጽ አብረቅርቆ ብቻ ከሆነ በጠፍጣፋ ነገር ላይ በተዘረጋ ብርጭቆ ወረቀት ቀለል አድርጎ መፈግፈግ ይረዳል። ብናኙ ግን በአፍ አይነፋም፤ በረጠበ ጨርቅ ይጠረጋል። ስሙ ያልታወቀ፣ በማሸጊያው ላይ ምንም ያልተጻፈበት ሸራ በውስጡ ምን እንዳለ የሚያውቅ የለምና የቀደሙት ባለሙያዎች የደረሰባቸው ሊዘነጋ አይገባም።

ዘይት የጠጣ ሸራ ሌላ ጉዳይ ነው። በምድጃ ላይ አቃጥሎ ዘይቱን ማስወጣት በየቦታው የተለመደ ነው። ተግባሩ ከችግር የመጣ መሆኑ የሚካድ አይደለም፤ አዲስ ሸራ ለሁሉ ኪስ ቀላል አይደለምና። ነገር ግን አብዛኛው ሸራ በሙጫ የተያያዘ ነው። ዘይቱን ለማቃጠል የሚበቃ እሳት ሙጫውንም ይጎዳል፤ ሸራው ከመቀመጫው ብረት ጋር የተያያዘበትንም ያዳክማል። ጢሱም ለሚተነፍሰው መልካም አይደለም። በዚህ መንገድ የዳነ ሸራ በሜዳ ላይ ይይዝ ይሆናል፤ በቁልቁለት ላይ ምን እንደሚያደርግ ግን የሚታወቀው በቁልቁለቱ ላይ ነው። ስለዚህ መጣሉ ይሻላል። የሸራው ውፍረት ግማሽ ሚሊ ሜትር ከደረሰማ ክርክርም የለበትም።

ይህ አባባል ጥብቅ የሚመስለው ካለ አንድ ስሌት ይመልከት። ሰውየው፣ ዕቃውና ብስክሌቱ ተደምረው 85 ኪሎ ግራም ቢመዝኑና 500 ሜትር ከፍታ ቢወርዱ፣ የሚለቀቀው ጉልበት 417 ሺህ ጁል ያህል ይሆናል። ይህ ከ1 ሊትር የሚበልጥ ቀዝቃዛ ውኃ አፍልቶ የሚያንተከትክ ነው። ከፊሉን ነፋሱ ይወስደዋል፤ የቀረውን የሚቀበሉት ግን እያንዳንዳቸው በአብዛኛው 150 ግራም የማይሞሉ ሁለት ዲስኮች ናቸው። ቁልቁለቱን ሁሉ ፍሬኑን ለስለስ አድርጎ እንደ ያዘ የሚወርድ ሰው ለዲስኩ የመቀዝቀዣ ጊዜ አይሰጠውም፤ የሸራው ገጽም ይጠነክርና ያብረቀርቃል፤ ከዚያም ይጮኻል። ጠበቅ አድርጎ ይዞ መልቀቅ፣ እንደገናም ይዞ መልቀቅ ይሻላል። ብረታማው ሸራ ሙቀቱን ከሙጫማው ይልቅ ይችላል፤ ድምፁ ግን ይበዛል። ለሙጫማ ሸራ ብቻ ተብሎ በተጻፈበት ዲስክ ላይ ደግሞ ብረታማውን መግጠም ዲስኩን ቶሎ መጨረስ ነው።

አዲስ ሸራ ተገጥሞ ብስክሌቱ ወዲያው ለባለቤቱ ሲሰጥ አንድ ሥራ ተዘልሏል። አዲስ ሸራ መጀመሪያ ከዲስኩ ጋር መላመድ አለበት። በሜዳ መንገድ ላይ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ያህል እየነዱ ጎማው ሳይቆለፍ እስከ እርምጃ ፍጥነት ድረስ ፍሬን መያዝ፣ ይህንንም 20 ጊዜ ያህል መደጋገም ያስፈልጋል። በዚህ ጊዜ ከሸራው ቀጭን ሽፋን ወደ ዲስኩ ይተላለፍና በሁሉም ቦታ እኩል ይለጠፋል። ፍሬኑ በደንብ የሚይዘው ከዚህ በኋላ ነው። ሳይለማመድ በቀጥታ ወደ ቁልቁለት የተላከ ሸራ ሽፋኑን እዚህም እዚያም ያንጠባጥበዋል፤ ባለቤቱም «አዲስ አስገጥሜ ይጮኻል» እያለ ይመለሳል። ቅሬታው እውነት ነው፤ ጥፋቱም የባለሙያው ነው።

በዚህ ላይ የክፍያ ነገር ሳይነሣ አይታለፍም። በጥገና ቤቶች ልማድ ዋጋ የሚጠየቀው ለተለወጠ ዕቃ ነው። ግማሽ ሰዓት መርምሮ አንድ ብሎን ያጠበቀ ሰው «ምን ሠራህና ነው?» ይባላል፤ ሁለት ጠብታ ዘይት ያንጠባጠበው ግን ጩኸቱን ወዲያው አጥፍቶ ስላሳየ ይከፈለዋል። ይህ ልማድ እስካልተለወጠ ድረስ የዘይት ጠርሙሱ ከመደርደሪያው አይወርድም። የማኅበሩ አባላት በሚሰጡት ደረሰኝ ላይ «የምርመራ ሥራ» የሚል መስመር ለብቻው ቢጽፉና ዋጋውን ሳያፍሩ ቢያስቀምጡ፣ ደንበኛውም ምን እንደ ገዛ ያውቃል።

የሽሮ ሜዳው ባለሙያም ያደረጉት ይህንኑ ነው። ሸራዎቹን አወጡ፤ ጠቁረው፣ በአንድ ጠርዛቸው ብቻ ተበልተው ነበር። ካሊፐሩን ሲፈቱት በመቀመጫው ላይ የሽምብራ ክክ የምታህል የቀለም እብጠት አገኙ። ከመጀመሪያው ጀምሮ ካሊፐሩን ያዛነፈችው እርስዋ ነበረች። በሞረድ አነሧት።

«ይህች ብቻ ነበረች?» አለ ወጣቱ።

«ያኔ ይህች ብቻ ነበረች። አሁን ግን ሸራም አለበት።»

ዲስኩን አራት ጊዜ በአልኮል ጠረጉት። አዲሶቹን ሸራዎች ገጥመው፣ ካሊፐሩን አስተካክለው፣ ወጣቱን በሜዳው መንገድ ላይ ወዲያና ወዲህ እየላኩ፣ ፍሬን በያዘ ቁጥር ከደጃፋቸው ላይ ቆመው ቆጠሩለት። ሃያ ሲሞላ ጠሩት። ደረሰኙን ሲሰጡት ምርመራው፣ ሸራውና ሥራው ለየብቻ ተጽፈው ነበር፤ ወጣቱ ሁለት ጊዜ አነበበውና ከፈለ።

«ጋሼ፣ ተመልሶ ቢጮኽስ?»

«ዝናብ ሲመታው ትንሽ ይጮኻል፤ ያን ተወው። ውኃው ሲጠረግ ያቆማል። ደርቆ ከጮኸ ግን አምጣው።»

በማግሥቱ ጠዋት ካፊያ ነበር። ወጣቱ ዕቃውን ጭኖ ከቤቱ ሲወጣ ፍሬኑን ሞከር ቢያደርገው አጓራበት። ሁለተኛ ያዘው፤ ድምፁ ቀነሰ። በሦስተኛው ጠፋ፤ ብስክሌቱም ባለበት ቆመ።